ከጆርጅታውን እስከ ፒትስበርግ፦ መኪና የማይደርስበት 334 ማይል የብስክሌት መንገድ ሲመዘን

ጆርጅታውን ውስጥ፣ ከቶምሰን የጀልባ ማዕከል ጀርባ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የዜሮ ማይል ምልክት ቆሟል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀና ብስክሌተኛ ከባድ መኪና ከኋላው ሳያጓራበት፣ በደን፣ በወንዝ ዳርና በተራራ መካከል 334 ማይል ማለትም 538 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፒትስበርግ ይገባል። ከመኪና ጋር የሚገናኘው በመሻገሪያዎችና በከተሞች አጠገብ ባሉ ጥቂት አጫጭር ቦታዎች ብቻ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህን ያህል ሐበሻ እየኖረ ስለዚህ መንገድ በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የሚመሰገነውንም የሚነቀፈውንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

መንገዱ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው 184.5 ማይል የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክና ኦሃዮ) ቦይ ዳርቻ ነው። ቦዩ ከ1828 እስከ 1850 ተቆፍሮ እስከ 1924 ድረስ ድንጋይ ከሰልና እህል የጫኑ ጀልባዎች ሲመላለሱበት ቆየ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ ያኔ ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱ በቅሎዎች የሚሄዱበት ነበር። ቦዩ ሥራ ካቆመ በኋላ መኪና ሊነዳበት ታስቦ ነበር፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 በእግራቸው ተጉዘው ተቃውሞውን ባያነሳሱ ኖሮ ዛሬ ይህን ግምገማ አንጽፍም ነበር። በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ ያለው 150 ማይል ደግሞ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል፤ ብስክሌተኞች በአጭሩ ጋፕ ይሉታል። ሐዲዱ የተነሳለት የባቡር መንገድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1986 ኦሃዮፓይል አጠገብ ተከፍቶ መላው መስመር በ2013 ተጠናቀቀ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ጋፕ በጥራቱ ከምናውቃቸው የጠጠር መንገዶች ሁሉ የላቀ ነው፤ ልጅም፣ አዛውንትም፣ ጀማሪም ይነዳዋል። ሲ ኤንድ ኦ ግን እንደ አየሩ ሁኔታ የሚለዋወጥ መንገድ ነው። ሲደርቅ ለስላሳ፣ ጥላው የማያልቅ፣ በየጥቂት ማይሉ የድሮ የድንጋይ ሥራ የሚታይበት ነው፤ ሁለት ቀን ሲዘንብበት ደግሞ ጭቃው ጎማ ይይዛል። በዚህ ጉዞ የሚያደክመው ዳገቱ ሳይሆን መሬቱና ወቅቱ ነው። ይህን ያልተረዱ ሰዎች ጠንካራ እግር ይዘው መጥተው በጭቃ ይሸነፋሉ።

ጋፕ የተነጠፈው በደቀቀ የኖራ ድንጋይ ነው። ዱቄቱና ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ከአስፋልት ብዙም የማይተናነስ ገጽ ይሠራል፤ ውሃም ቶሎ ያሳልፋል። ከባድ ዝናብ ባቆመ በማግስቱ ያለችግር ይነዳል። ሁለት እንከን አለው። የመጀመሪያው ክረምቱ ሲለቅ የሚመጣ ነው፤ የቀዘቀዘው መሬት ሲቀልጥ ከላይ ያለው ንብርብር ይለሰልስና ጎማ ቦይ እያወጣ ያልፋል፣ ጉልበትም ይበላል። ሁለተኛው የኖራው ዱቄት ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ሆኖ ካቴናውና የፍሬን ሸራው ላይ ይለጠፋል፤ እንደ አሸዋ ወረቀትም ይሞርዳቸዋል። ስለዚህ ካቴናውን በወፍራም ዘይት አትቀቡት፤ ዱቄቱን ይሰበስባል። ለደረቅ አየር የሚሆነውን ቀጭን ቅባት ወይም ሰም ተጠቀሙ፣ ማታ ማታ በጨርቅ ጥረጉት፣ በዝናብ ከነዳችሁ በነጋታው ድገሙት። ያለቀ የፍሬን ሸራ ይዞ የሚነሳ ሰው ሸራው መንገድ ላይ ያልቅበታልና፣ ከመነሳታችሁ በፊት ውፍረቱን አይታችሁ አንድ ጥንድ መለዋወጫ ያዙ።

የሲ ኤንድ ኦ መሬት ሸክላማ አፈር ነው። ፓርኩ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ማይሎችን በደቀቀ ድንጋይ እያነጠፈ ነው፤ በተነጠፈውና ባልተነጠፈው መካከል ያለው ልዩነት የምሽትና የንጋት ያህል ነው። ባልተነጠፈው ላይ ሣር መሃሉን ይዞ ግራና ቀኝ ሁለት የጎማ መስመር ብቻ ይቀራል፤ ውሃው እነዚህ መስመሮች ላይ ያቁራል፤ ከውሃው በታች የዛፍ ሥርና ድንጋይ ይደበቃል። ሸክላው ፓራፋንጎና ጎማ መካከል ይጠቀጠቅና መንኮራኩሩን ያቆመዋል። መድኃኒቱ ክፍተት ነው፦ በጎማውና በሹካው ወይም በፓራፋንጎው መካከል ከየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር መተው አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ፓራፋንጎውን ቤት ትታችሁ መቆሸሹን ብትቀበሉት ይሻላል። የተጠቀጠቀ ጭቃ ለመፈንቀል የሚሆን ቀጭን እንጨት ደኑ ውስጥ አይጠፋም።

ጎማን በተመለከተ ለሁለቱም መንገድ የሚሆነው ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ጋፕን ብቻ የሚነዳ ሰው በ35 ይበቃዋል፤ ሲ ኤንድ ኦን በ32 መሞከር ግን እጅና ወገብን መቅጣት ነው። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ በ42 ሚሊ ሜትር ጎማ ጋፕ ላይ ከፊት 35፣ ከኋላ 38 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢሞላ ጥሩ ነው። ሲ ኤንድ ኦ ላይ ከሁለቱም ሦስትና አራት ቢያወርድ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ከኋላ 10 ኪሎ የጫነ ግን የኋላውን ከ40 በታች አያድርገው። የውስጥ ጎማ ያለው ብስክሌት ከ30 በታች ከወረደ የዛፍ ሥር ሲመታው ቸርኬው ጎማውን ቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል፤ እዚህ መንገድ ላይ ጎማ የሚፈነዳው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከዛፍ የሚወድቅ ረጅም እሾህም አለ። ጎሚስታ ለማግኘት ግማሽ ቀን መግፋት የሚጠይቁ ቦታዎች ስላሉ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ ፓምፕ፣ የካቴና መፍቻና ለብስክሌታችሁ ልክ የሚሆን አንድ የማርሽ መቀየሪያ ማንጠልጠያ ያዙ። ይህች ማንጠልጠያ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የተለየች ስለሆነች በየሱቁ አትገኝም፤ ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ከተጣመመች ግን ማርሽ መቀየር ይቀራል።

ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ ላይ ያሉትን ብሎኖች ማታ ማታ አጥብቁ። የጠጠር መንገድ ንዝረት ትንሽ ነው፣ ግን ለሰዓታት አያቋርጥም፤ ብሎን የሚፈታውም እንዲህ ያለው ነው። ማዳበሪያ የሚታሰርበት ዓይነት አምስትና ስድስት የፕላስቲክ ማሰሪያ ከቦርሳው በታች ብትይዙ ብዙ ነገር ያድናችኋል።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። አቅጣጫ ይለያያል። ከምበርላንድ 190 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ 24 ማይል ያህል ሲወጣ የምሥራቁ አህጉራዊ ውሃ መለያ፣ ማለትም ወንዞች በተለያየ አቅጣጫ የሚለያዩበት ከፍታ ይገኛል፣ 729 ሜትር። በአማካይ 1.4 በመቶ የሚሆን ዳገት ነው፤ ባቡር የወጣው ስለሆነ የትም ላይ ቀጥ ብሎ አይከብድም፣ የትም ላይም አያሳርፍም። ከፒትስበርግ በኩል ግን ያው ከፍታ በ126 ማይል ላይ ተበትኖ ዳገት መሆኑ እስከ መጨረሻዎቹ ማይሎች አይታወቅም። ስለዚህ ጭነት ያለው፣ ወይም ልጅ ይዞ የሚሄድ፣ ከፒትስበርግ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይምጣ። የመጨረሻው ቁልቁለት 24 ማይል ነው። እዚያ ላይ በሰዓት ከ15 ማይል አትለፉ፦ እግረኛ ወደ ላይ ይወጣል፣ በየመሻገሪያውም መሃል ላይ መኪና መከልከያ የብረት ምሰሶ አለ፤ ጥላ ውስጥ ሲሆን ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ውሃ መለያው አካባቢ ያለው ክፍል የመንገዱ ሁሉ ዘውድ ነው። ከሜየርስዴል ትንሽ ምዕራብ ብሎ የሳልስበሪ ድልድይ አለ፤ 582 ሜትር ርዝመት፣ ከሸለቆው 30 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ከሥሩ እርሻ፣ ወንዝና አውራ ጎዳና የሚታይበት። ከውሃ መለያው በስተምሥራቅ ደግሞ ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ይመጣል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ። ከምሥራቁ አፉ ሲወጡ የሜሪላንድ ተራሮች በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። በጥቅምት አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ እዚያ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው የለም። ዋሻው ውስጥ በበጋም ይበርዳል፤ ላብ ያረጠበው ልብስ ላይ ጃኬት ደርቡ። ዋናው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ ቢግ ሳቬጅ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሩ ይዘጋል፤ ውርጭ እንዳያፈርሰው ነው። ምቹ ተለዋጭ መንገድም የለውም። በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይ ስላየ ብቻ የሚነሳ ሰው የተቆለፈ በር ይጠብቀዋል።

ፍሮስትበርግንና ከምበርላንድን የሚያገናኘው ክፍል ላይ የቱሪስት ባቡር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ብራሽ የሚባለውን 280 ሜትር ዋሻም ብስክሌትና ባቡር ይጋሩታል። ባቡር እየመጣ ከሆነ ውጭ ቁሙ፤ ጭሱም ድምፁም በጠባብ ቦታ ያስጨንቃል፣ በተለይ ልጆችን።

ከኦሃዮፓይል እስከ ኮንፍሉወንስ ያለው አሥር ማይል ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የምንመርጠው ነው። ዮክጎጌኒ ወንዝ ከታች ይሮጣል፣ ዛፉ ከላይ ይገጥማል፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ምግብና መጸዳጃ አለ። ከዲሲ በመኪና ጠዋት ተነስቶ ደርሶ መልስ ነድቶ ማታ መመለስ ይቻላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሌላ አይፈልግ።

በሲ ኤንድ ኦ በኩል ደግሞ ለቤት ቅርብ የሆነው ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ያለው 14 ማይል ነው። ያምራል፣ ግን ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛበታል፤ ጋሪ የሚገፉ ወላጆችና ረጅም ገመድ ያላቸው ውሾች መካከል መንዳት ማለት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነሳችሁ ባዶ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማይል ጎን ለጎን በሚሄደው አስፋልት፣ በካፒታል ክሬሰንት፣ አልፋችሁ ፍሌቸርስ ኮቭ ላይ ወደ ቦዩ መግባትም ይቻላል። ልጅ ይዞ ለሚወጣ ደግሞ ከፖይንት ኦቭ ሮክስ ወደ ሞኖካሲ የውሃ ድልድይ ያለው ስድስት ማይል የተሻለ ነው፤ ድልድዩ ሰባት ቅስት ያለው፣ 157 ሜትር የሚረዝም፣ ቦዩን ራሱን ወንዝ ላይ ያሻገረ የድንጋይ ሥራ ነው። ላሊበላን ያየ ዓይን ለድንጋይ ጠራቢ ያለውን አክብሮት እዚህም ያገኘዋል።

ከሃርፐርስ ፌሪ በላይ ያለው ጸጥታው እየጨመረ ይሄዳል። 84ኛውና 88ኛው ማይል መካከል ቢግ ስላክዋተር የሚባል ቦታ አለ፤ መንገዱ ገደልና ወንዝ መካከል በኮንክሪት የተሠራ ነው፣ በ2012 ከታደሰ ወዲህ ያለሥጋት ይነዳል። ሃንኮክ አካባቢ ዝናብ ከዘነበ ግን ጭቃውን መሸሽ ይቻላል፦ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል የሚባል አስፋልት ከቢግ ፑል እስከ ሊትል ኦርሊንስ 28 ማይል ያህል ቦዩን እየተከተለ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የሌሊት ወፎች የሚኖሩበት ዋሻ ስላለ፣ ወደ ቦዩ መንገድ አውርዶ መልሶ ያወጣችኋል። በዝናብ ሳምንት ይህን አስፋልት የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ ይደክማል።

155ኛው ማይል ላይ ፖ ፖ ዋሻ ነው፤ 950 ሜትር፣ ለመጨረስ 14 ዓመት የፈጀ። መብራት የለውም። መንገዱ ጠባብና ወጣ ገባ ነው፣ በአንድ ጎን የእንጨት መደገፊያ፣ ከዚያ ወዲያ ቦዩ። ብስክሌቱን ግፉት እንጂ አትንዱት፤ የስልክ መብራት አይበቃም፣ ጥሩ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል።

ስለ ውሃና ማደሪያ ሲ ኤንድ ኦ ሊመሰገን ይገባዋል። በየአምስትና ሰባት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ ነጻ የድንኳን ቦታ አለ፤ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ አለው። ቀድሞ መያዝ አይቻልም፤ በአንድ ጉዞ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ውሃው በአዮዲን የታከመ ስለሆነ ጣዕሙ ይከብዳል፤ ሎሚ ጭመቁበት። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የፓምፖቹ እጀታ ይነቀላል። በበጋም ምርመራ ያላለፈ ጉድጓድ ስለሚዘጋ፣ አንድ ፓምፕ ላይ ተማምኖ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መሄድ አይገባም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ሁልጊዜ ይኑር።

ምግብ ከሃንኮክ እስከ ከምበርላንድ ባለው 60 ማይል እምነት አይጣልበትም፤ የአንድ ቀን ስንቅ ይዛችሁ ግቡ። በመንገዱ ዳር ባሉ ትንንሽ ከተሞች የጾም ምግብ ማግኘት ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ ብቻ ይቀራል። ለዚህ በሶን የሚተካ አላገኘንም። 80 ግራም በሶ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳርና ቁንጥጫ ጨው በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጦ መጠጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ለመንዳት የሚበቃ ጉልበት ይሰጣል። ግን አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ በጥብጡት፤ የብስክሌት ጠርሙስ ቀጭን አፍ በዱቄቱ ይደፈናል። ሙቀት ላይ ስለሚቦካም ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ዱቄቱን ለየብቻ በትንንሽ ከረጢት ይዛችሁ በየማረፊያው በጥብጡ። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በኪስ ይያዛሉ፣ አይበላሹም፣ እየነዱ ይበላሉ።

ሰዎች ያላሰቡት ሕመም አለ። ሜዳ መንገድ ኮርቻ ላይ ይቸነክራል። ተራራ ላይ ሰው ቆሞ ይወጣል፣ ሲወርድም ፔዳሉን አቁሞ ያርፋል፤ እዚህ ግን ለስድስት ሰዓት አንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ መቀመጫ ይቆስላል፣ የእጅ ትንንሽ ጣቶችም ይደነዝዛሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ንዱ፣ በየሰዓቱ ውረዱ፣ መሪውን አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ አዲስ ኮርቻም ገዝታችሁ በቀጥታ አትምጡ።

ከሚያዝያ እስከ መኸር መዥገር አለ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሣር ውስጥ ካረፋችሁ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብትና ከፀጉር ሥር ፈትሹ፤ ከተገኘ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪም አትንኩ፣ በተለይ ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦ የሚገቡ ልጆችን አስጠንቅቁ።

ሙሉውን መንገድ ከፒትስበርግ ለሚጀምር ሰው የምንመክረው የሰባት ቀን አከፋፈል ነው፦ ኮኔልስቪል፣ ሮክውድ፣ ከምበርላንድ፣ ሊትል ኦርሊንስ፣ ዊልያምስፖርት፣ ብራንስዊክ፣ ጆርጅታውን። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ረጅም ናቸው፣ 60 እና 55 ማይል፤ የተቀሩት በ40 እና በ45 መካከል ናቸው። የመንገድ መዘጋት ስለማያጣ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ተመልከቱ።

ወደ ፒትስበርግ ለመሄድ ከዲሲ ዩኒየን ጣቢያ በቀን አንድ የአምትራክ ባቡር አለ፤ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ከምበርላንድና ኮኔልስቪል ላይም ስለሚቆም ጉዞውን ከመሃል መጀመር ይቻላል። የብስክሌት ቦታው ጥቂት ነው፤ ከሰው ቲኬት ጋር አብሮ መያዝ አለበት፣ በጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ያልቃል። ባቡሩ ፒትስበርግ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ለጣቢያው ቅርብ የሆነ ማደሪያ ያዙ፣ የፊትና የኋላ መብራታችሁንም ቦርሳ ሥር አትቅበሩ።